የፀሐይቱ አንገት

«ይህቺ ሴትዮ ማን ናት?» ብለው ጠየቁ አቶ ገብረሕይወት።

ቀብሩ ትናንት ነበር። ካዛንቺስ፣ ከግቢያቸው በር እስከ ጎረቤት አጥር በተዘረጋው የእድር ድንኳን ውስጥ ለቀስተኛው አግዳሚ ወንበሩን ሞልቶ ተቀምጧል። ንፍሮው ይዞራል፣ ሽማግሌዎቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ስለሚፈርሱት ሰፈሮች ያወራሉ። አቶ ገብረሕይወት ግን ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ተነስተው፣ ጥግ ባለችው ጠረጴዛ ላይ የቆመውን፣ ጥቁር ሪባን የተደረገበትን የሚስታቸውን ፎቶ በአፍንጫቸው ሊነኩት እስኪደርሱ ጎንበስ ብለው ያዩታል።

እትዬ ጀማነሽ ክንዳቸውን ያዝ አደረጓቸው። የእድሩን ሴቶች የሚያዙ፣ ለቅሶ ቤት ሁሉ ከባለቤቱ በላይ ባለቤት የሚሆኑ ሴት ናቸው።

«ጋሽ ገብረሕይወት፣ ፀሐይቱ ናት እኮ።»

«ፀሐይቱንማ አውቃታለሁ። ይህቺ ማን ናት ነው የምለው።»

እትዬ ጀማነሽ ከንፈራቸውን መጠጡ። «ሐዘኑ ጭንቅላታቸው ላይ ወጥቷል» አሉ ለሴቶቹ በሹክሹክታ፤ የእሳቸው ሹክሹክታ ግን ቂርቆስ ድረስ ይሰማል።

የአቶ ገብረሕይወት ልጅ ዮሃና ፍራሹ ላይ እንደተቀመጠች አንገቷን ደፋች። አባቷ ጭንቅላታቸው ላይ ምንም እንዳልወጣ ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። ፎቶው ላይ ያለችው ሴት አንገቷ ጥርት ያለ ነው፤ አንዲት ነጥብ እንኳ የለበትም። የእናቷ አንገት ግን ከጆሮ እስከ ጆሮ የተነቀሰ ነበር፤ ዮሃና እንደሚመስላት ሦስት ድርብ መስመር፣ በመሃሉ ጥቃቅን መስቀሎች፣ ከሥሩ ደግሞ እንደ ዘርፍ የሚወርዱ ሰረዞች። ያንን ሁሉ ከፎቶው ላይ ያጠፋችው ዮሃና ራሷ ናት።

ዮሃና እዚያው ካዛንቺስ አንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ ትሠራለች። ባነር፣ የሠርግ ካርድ፣ የቲሸርት ጽሑፍ፣ የመጣውን ሁሉ ኮምፒውተር ላይ ታዘጋጃለች። ሰዉ ግን የሚያውቃት በፎቶ ነው። ጉርድ ፎቶውን ይዞ መጥቶ «አጽጂልኝ» ይላታል። ብጉር ታጠፋለች፣ ጠባሳ ታጠፋለች፣ ለፈለገ ሰው ከረባት ታስራለች። በሚሊኒየሙ ዋዜማ ታዲያ እናቷን ማስደሰት አማራት። የቤቱን አልበም በፌስታል ይዛ ሄደች፣ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ስካን አደረገች፣ የተቀደደውን ሰፋች፣ የደበዘዘውን አደመቀች፤ የእናቷን አንገት ደግሞ አጸዳች። ለእያንዳንዱ ፎቶ ሃያ ደቂቃ አልፈጀባትም። ያጸዳችውንም ኮምፒውተሩ ውስጥ በነበረው ላይ ደርባ አስቀመጠችው፤ አሮጌው ምን ያደርጋል ብላ። አልበሙ እዚያው ማተሚያ ቤት ጠረጴዛ ሥር ከረመና በክረምቱ ውሃ ገባበት፤ ፎቶዎቹ እርስ በርስ ተጣብቀው አንድ ጡብ ሆኑ። ይህንን ለማንም አልተናገረችም።

ካላንደሩን አሳትማ ስትሰጣት እናቷ መነጽሯን ፈልጋ አደረገች። ወር በወር ገለጠችው። ጥቅምት ላይ፣ ዮሃናን አዝላ ከስፌት መኪናዋ አጠገብ የቆመችበት ላይ፣ ቆየች።

«ውይ፣ እንዴት ያለ አንገት ነበረኝ!» አለች።

ዮሃና ሳቀች። ምስጋና መስሏት ነበር። እናቷ ካላንደሩን ሳሎን ሰቀለችው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ቤት ውስጥ እንኳ አንገቷን በሻሽ ትጠመጥም ጀመር። ዮሃና «ጉሮሮሽን አሞሻል እንዴ እማዬ?» ብላ ጠይቃታለች። «ብርድ ነው» ነበር መልሷ።

በሠልስቱ ዕለት፣ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ሰዉ ቀመስ ካደረገ በኋላ፣ የሐውልቱ ነገር ተነሳ። ነገሩን የያዘው የዮሃና ታላቅ ወንድም መሓሪ ነው። መሓሪ የመሥሪያ ቤት ሰው ነው፤ ሐዘንም ቢሆን በፕሮግራም ካልሆነ አይሆንለትም።

«ላንቻ አካባቢ ደጋጋ የሚባል ጎበዝ ድንጋይ ሠሪ አለ፤ አነጋግሬዋለሁ» አለ። «ለአርባዋ ያደርሳል። ድንኳኑ ውስጥ ያለውን ፎቶዋን እንሰጠዋለን፣ እሱ እብነ በረዱ ላይ ያወጣዋል።»

«ፎቶ አልፈልግም» አሉ አቶ ገብረሕይወት።

«አባዬ፣ ሁሉም ሰው እኮ…»

«የማላውቃትን ሴትዮ መቃብሯ ላይ አላቆምም። ስሟንና አንገቷን አድርጉልኝ።»

«አንገቷን ማለት?»

«ንቅሳቷን ነዋ! ይህቺ ልጅ አይደለች እንዴ ሥዕል የምትሠራው? እሷ ታውጣው።» እጃቸውን ወደ ዮሃና ዘረጉ። እጃቸው ከሁለት ዓመት ወዲህ ይንቀጠቀጣል፤ ሲዘረጉት ደግሞ ይብስበታል።

መሓሪ ከቤት ወጥቶ ለድንጋይ ሠሪው ደወለ። ደጋጋ በስልክ የነገረውንም ለዮሃና ቃል በቃል አመጣላት፤ በሰባተኛው ቀን ጠዋት ሥዕሉ እጁ ካልገባ ለአርባዋ አይደርስም። ፎቶም አይሆነውም። ማሽኑ መጀመሪያ ስቲከር ይቆርጣል፣ ስቲከሩ ድንጋዩ ላይ ይለጠፍና በተቆረጠው በኩል አሸዋ ይነፋበታል። ማሽኑ የሚያውቀው መስመር ብቻ ነው። መስመሩ የተጀመረበት ቦታ ተመልሶ ካልገጠመ እዚያው ቆሞ ይቀራል።

«አንቺ ታውቂዋለሽ ብሎኛል።»

«አውቀዋለሁ» አለች ዮሃና። «ከምን ላይ ነው ግን የማወጣው?»

መሓሪ ስልኩን ከኪሱ አወጣ። እናታቸው ሆስፒታል ሳለች፣ ሽሬ ላለችው አክስታቸው «እያገገመች ነው» ለማለት ያነሳት አንዲት ፎቶ ነበረችው። ብርሃኑ ቢጫ ነው። እናታቸው በቀኝ ጎኗ ተኝታ፣ ሻሿ ወልቆ፣ የኦክስጅኑ ቱቦ በጉንጯ አልፎ ይታያል። የግራው አንገቷ ሙሉ በሙሉ ወጥቷል። ቀኙን ትራሱ ውጦታል።

ዮሃና ስልኩን ይዛ ጓዳ ገባች፤ በሩን ዘግታ አለቀሰች። ከቀብሩም ይልቅ ያኔ ነው ያለቀሰችው።

አፈሩ ሳይደርቅ ሥራ ቦታ መሄድ አይሞከርም። እትዬ ጀማነሽ ገና ወሬውን ሲሰሙ «ቢሮ? ሰባቷ ሳይወጣ? ሰው ምን ይለናል!» ብለው በሩ ላይ ቆሙ። የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ኢያቄም ይህን ሲሰማ አልተከራከረም። በአራተኛው ቀን ጠዋት ኮምፒውተሩን ነቅሎ፣ ስክሪኑን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ በላዳ ታክሲ ጭኖ ለቅሶ ቤት ድረስ ይዞላት መጣ። ድንኳኑ ውስጥ የነበሩት ሰዎች ሬሳ የመጣ ይመስል ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ።

«በቃ፣ ያንቺ ነው፤ እስክትጨርሺ አልፈልገውም» አላት ኢያቄም፣ ገመዱን እየሰካካ። «ማለቴ… እግዜር ያጥናሽ።» ንፍሮ አልቀምስም ሳይል ቀምሶ ሄደ።

ኮምፒውተሩ የተተከለው ሳሎን ውስጥ፣ የእናቷ የስፌት ጠረጴዛ ላይ ነው። ዮሃና ፎቶዋን አስገብታ መጀመሪያ ኮምፒውተሩ በራሱ መስመር እንዲያወጣላት አዘዘችው። ያወጣላት ጉድ ነው። ቱቦውን ንቅሳት አደረገው፣ የትራሱን ጥላ ንቅሳት አደረገው፣ የአንገቷን መጨማደድ ሁሉ ከንቅሳቱ ጋር ቀላቅሎ የጠቆረ የሣር ክምር አስመሰለው። ሁሉንም አጠፋችና በእጇ ጀመረች። ነጥብ ታስቀምጣለች፣ ሌላ ነጥብ ታስቀምጣለች፣ በመሃሉ ያለውን መስመር ጎትታ ታጎብጣለች። ፎቶውን እያጎላች በሄደች ቁጥር እናቷ ወደ ቡናማ ካሬዎች ትበታተናለች። መልሳ ስታሳንሳት ደግሞ ታማ የተኛችው እናቷ ናት።

ሴቶቹ አንድ በአንድ ከኋላዋ ተሰበሰቡ።

«ውይ ፀሐይቱ! አንገቷ!» አለች አንዷ።

«መስቀሉ ግን እንዲህ አልነበረም» አሉ እትዬ ጀማነሽ። «አራት እግር ነበረው። ሃያ ስምንት ዓመት ጎረቤቴ ናት፣ ለእኔ ነው የምትነግሩኝ?»

«የዓሣ አጥንት ነበር እንጂ የምን መስቀል!»

«ምን የዓሣ አጥንት አለ? ቅጠል ነው።»

«እኔ እንዲያውም ንቅሳት እንዳላት አላውቅም ነበር» አለች አንዲት ከወሎ ሰፈር የመጣች ልብስ አሰፊ፣ በአፍረት። «ሁልጊዜ ሜትሩ አንገቷ ላይ ነው የሚንጠለጠለው።»

ይህኛው እውነት ነበር። እናቷ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋ ነበር፤ ቢጫው የልኬት ሜትር ከአንገቷ የሚወርደው ለመኝታ ብቻ ነው። ዮሃና ሦስተኛ ክፍል ሳለች በወላጆች ቀን የመጣችውም ሜትሯን ረስታ ሳታወልቀው ነበር። ልጆቹ ግን ሜትሩን አላዩም። «የእናትሽ አንገት ምን ሆኖ ነው? ባላገር ናት እንዴ?» አሏት። ዮሃና እቤት ስትገባ «ሁለተኛ ትምህርት ቤት እንዳትመጪ» ብላ አለቀሰች። በሚቀጥለው ዓመት እናቷ መጣች። በዚያ በሚያዝያ ፀሐይ፣ እስከ አገጯ የሚደርስ ወፍራም ሹራብ ለብሳ፣ ላብ በላብ ሆና፣ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ አጨበጨበችላት። ዮሃና አንደኛ ወጥታ ነበር። ያኔ በእናቷ ሹራብ በጣም ደስ ብሏት ነበር።

በአምስተኛው ቀን አክስቷ ሀብትነሽ ከሽሬ ገቡ። ሁለት ቀን አውቶቡስ ላይ አድረው፣ ከበር ጀምሮ እየጮኹ፣ ደረታቸውን እየመቱ ገቡ። ቆሞ የነበረው ለቅሶ ሁሉ ከሀብትነሽ ጋር እንደ አዲስ ተነሳ። ሲረጋጉ ዮሃና እጃቸውን ይዛ ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጠቻቸው። ሌላ ማንም ቢሳሳት የእናቷ እህት አትሳሳትም ብላ ነው። የግራው በኩል አልቋል፤ ቀኙን ደግሞ ከግራው ገልብጣ አስቀምጣዋለች፣ መስታወት እንደሚያሳየው አድርጋ። በሙያዋ የተለመደ ነው፤ አንድ ጎን ካለህ ሁለተኛው አለህ።

ሀብትነሽ ስክሪኑን በጣታቸው ነኩት። የግራውን በቀስታ ዳበሱት። «እሷ ናት» አሉ። ወደ ቀኙ ሲሄዱ ጣታቸው ቆመ።

«ይሄ አይደለም፣ ጓለይ፣ ልጄ።»

«እንዴት አክስቴ?»

«ቀኟ ሌላ ነው። ግራውን የነቀሰቻት ሴትዮ ጎበዝ ነበረች፤ ግን እናትሽ ጮኸችና አመለጠቻት። ዓመት ሙሉ በአንድ ጎን ብቻ ነው የኖረችው። በኋላ ሰው ሳቀባት መሰለኝ፣ ራሷ ‹ጨርሱልኝ› አለች። ያኔ ሴትዮዋ ሞታለች። ሌላ መጣች። የሌላ አገር ሴት ናት፣ እጇም ሌላ፣ ሥዕሏም ሌላ።»

«ምን ዓይነት? አክስቴ፣ ምን ዓይነት ነበር? መስቀል አለው? መስመሩ ስንት ነው?»

«ነበርኩ እኮ» አሉ ሀብትነሽ፣ ዓይናቸው እየሞላ። «እዚያው ነበርኩ። መርፌውንም ጥላሸቱንም አስታውሳለሁ። ግን እኔን እግሯን እንድይዝ ነው ያዘዙኝ። እግሯ ላይ ተቀምጬ ፊቴን አዙሬ እያለቀስኩ ነበር። ከዚያ ‹ያንቺም ተራ ይደርሳል› ሲሉኝ ሮጬ አያቴ ቤት ተደበቅኩ። ይኸው፣ ባዶ ነኝ።» ነጠላቸውን ገለጥ አድርገው አንገታቸውን አሳዩ። «ከዚያ እሷ ተድራ አዲስ አበባ ሄደች። በየስንት ዓመቱ ነው የምንገናኘው? ስታቅፈኝ ነው የማውቃት እንጂ አንገቷንማ መቼ ቆሜ አየሁት።»

ቢያንስ ዐሥራ አንድ ፎቶ ላይ ያ ቀኝ አንገት ነበር። በሠርጓ ዕለት፣ በክርስትና፣ ስፌት መኪናው አጠገብ፣ ሁሉም ላይ ነበር። ዮሃና ራሷ ዓይኗን ሳታሽ ጠርጋዋለች። ስድስተኛውን ቀን ሙሉ ለማስታወስ እየሞከረች ዋለች። ሠላሳ አንድ ዓመት አብራት ኖራለች፤ ታዝላለች፣ ጡቷን ጠብታለች፣ ሲያማት አንገቷ ሥር ተወሽቃ ተኝታለች። ዓይኗን ስትጨፍን የሚመጣላት ግን ሹራቡ ነው፤ ሜትሩ ነው፤ ሻሹ ነው።

ግራውን ብቻ ደጋግማ አስተካከለች። ቀለሙ ከዕድሜ ጋር የእናቷ ቆዳ ውስጥ ፈሶ ወፍሯል። እንደወፈረ ትተወው ወይስ የልጅነቷን ቀጭን መስመር ትመልስላት? መጨማደዷን አንድ በአንድ እየለየች አስወገደችው፤ ማሽኑ መጨማደድ አይፈልግም። ስትጨርስ መስመሩ ንጹሕ ሆነ፣ ሁሉም ነጥብ ከነጥብ ገጠመ። መሓሪ አይቶ «ይሄ ነው! በጣም አሪፍ!» አለ። ቀኙንም ግራውንም አይቶ ነው። ልዩነቱን የሚያውቅ ስለሌለ ልዩነት የለም ባይ ነው።

በሰባተኛው ቀን ጠዋት መሓሪ ፍላሹን ይዞ፣ መኪናውን አስነስቶ በር ላይ ጠበቃት። ደጋጋ ሁለቴ ደውሏል። ዮሃና ሥዕሉን ወረቀት ላይ አትማ አባቷ ክፍል ገባች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። አልጋውን ሲያነጥፉ የእሳቸውን በኩል ብቻ ነው የሚያነጥፉት፤ የእናቷ በኩል ከሆስፒታል ቀን ጀምሮ እንዳለ ነው።

ወረቀቱን ተቀብለው ብርሃን ወዳለበት ዞሩ። ወረቀቱ እጃቸው ላይ ይርገፈገፋል።

«ግራው እሷ ናት» አሉ። «ተባረኪ። ቀኙ ግን ውሸት ነው።»

«አክስቴም ብላኛለች።»

«አርባ ሦስት ዓመት በቀኟ በኩል ነው የተኛሁት። ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ የማየው እሱን ነው።»

ዮሃና ወለሉ ላይ፣ እግራቸው ሥር ተቀመጠች። «አባዬ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ከፎቶዎቹ ላይ። ሁሉንም። አልበሙንም ውሃ አበላሽቶታል። ሌላ የለም። አንድም የለም።»

«አውቃለሁ።»

«እሷስ… ከፍቷት ነበር?»

አቶ ገብረሕይወት ሊዋሹላት ይችሉ ነበር፤ ዮሃናም እንዲዋሹላት ፈልጋ ነበር የጠየቀችው። «አዎ» አሉ። «ከፍቷት ነበር። ‹ልጄ አፈረችብኝ› አለችኝ። አንድ ቀን ብቻ ነው ያለችው።»

ውጭ መሓሪ የመኪናውን ጡሩምባ ነፋ። ዮሃና በእጇ መዳፍ ፊቷን ጠረገችና እስክሪብቶ አምጥታ ሰጠቻቸው። «ሳልልኝ አባዬ። እንደምንም። እኔ አስተካክለዋለሁ።» እስክሪብቶውን ያዙ። ወረቀቱን አልጋው ላይ አንጥፋ በሁለት እጇ ያዘችላቸው። የእስክሪብቶው ጫፍ ወረቀቱን ሲነካ እጃቸው ዘለለ፤ ከጆሮ እስከ ትከሻ የተጫረ ነገር ሆነ። ደግመው ሞከሩ፤ ወረቀቱ ተቀደደ። እስክሪብቶውን አስቀመጡት።

«ነይ እስቲ» አሉ። «ዙሪ።»

ጀርባዋን ሰጥታ እግራቸው መሃል ተቀመጠች። ጣታቸው ከቀኝ ጆሮዋ ኋላ አረፈ። ቀዝቃዛ ነው፣ ይንቀጠቀጣል። «ከዚህ ነው የሚነሳው። ከዚያ ወደ ታች… እንዲህ… እዚህ ጋ እንደ መታጠፍ ይልና… አይ፣ ቆይ።» ጣታቸውን መልሰው ጆሮዋ ኋላ አደረጉት። በሁለተኛው ጊዜ ሌላ ቦታ ላይ ነው የታጠፈው።

መሓሪ ሊቆጣ ገብቶ በሩ ላይ ቆመ። የሚሆነውን ሲያይ እስክሪብቶውን አነሳ፤ የአባቱን ጣት በዓይኑ እየተከተለ ወረቀቱ ጀርባ ላይ መሳል ጀመረ። ሦስት ጊዜ ሳለ፤ ሦስቱም የተለያዩ ሆኑበት። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። ስልኩ ጮኸ። አላነሳውም።

«ገባሽ?» አሉ አቶ ገብረሕይወት።

ዮሃና አንገቷ ላይ የተሳለውን ማየት አትችልም። መስታወት ቢሰጧትም የሚታይ ነገር የለም፤ ጣት ምልክት አይተውም። አባቷ የሚያሳዩዋት እውነተኛው ይሁን የእጃቸው መንቀጥቀጥ ለይታ ልታውቅ አልቻለችም፤ ከእንግዲህም የሚለይላት ሰው የለም።

«አልገባኝም አባዬ» አለች። «እንደገና አሳየኝ።»

ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ጭኗ ላይ አደረገች፤ ጭንቅላቷን ወደ ግራ ዘንበል አድርጋም አንገቷን ሰጠቻቸው።